ፊቴ ያቃጥላል፣ ብጉርም አይደለም፦ ስለ ሮዜሺያ ለጠየቃችሁኝ

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ፊትን ስለሚያቀላው፣ ስለሚያግለውና ሽፍታ ስለሚያወጣበት ሮዜሺያ ስለሚባለው የቆዳ ሕመም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከአዲስ አበባም፣ ከጅዳም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከሜሪላንድም ጥያቄ ጎረፈ። ስማችሁን ትቼ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ፊታችሁን ሳላይ «ይሄ ነው» ብዬ መፍረድ እንደማልችል ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሮዜሺያ የነጮች በሽታ አይደለም እንዴ? እኔ ጠይም ነኝ።

ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ይሄ እውነት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይም ግን አለ። ብዙ ጊዜ የማይገኘው ስለማይፈለግ ነው። አብዛኞቻችን የተማርንባቸው ፎቶዎች የቀላ የነጭ ፊት የሚያሳዩ ናቸው። ጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ጠቆር ያለ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይለይም።

ስለዚህ እኔ ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን ነው የምጠይቀው። ፀሐይ ላይ ስትቆሚ፣ እንጀራ ስትጋግሪ፣ ስትናደጂ ፊትሽ ይግላል? ድሮ የተስማማሽ ሎሽን አሁን ይለበልብሻል? ሽፍታው መሀል ፊት ላይ ነው፣ ማለትም ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ አገጭና ግንባር ላይ? መልስሽ አዎ ከሆነ መታየት አለብሽ። ጥቁር ቆዳ ላይ ጠንከር ባሉ ቡናማ ጉብታዎች የሚመጣ ዓይነትም አለ፤ እሱ በተለይ ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል።

ጥያቄ፦ ከብጉር በምን ይለያል?

ብጉር ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ እነዚያ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች። ሮዜሺያ እነሱን አያመጣም። ብጉር በጉርምስና ይጀምራል፣ ሮዜሺያ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ብጉር ደረትና ጀርባ ላይም ይወጣል፣ ሮዜሺያ ግን ፊት ላይ ይከርማል። ሁለቱም ያለበት ሰው አለ፤ ያኔ እኛንም ያደክመናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብጉሩ አይደለም። እኛ አገር የፊት ጉብታ ሲታይ ቁንጭርም መታሰብ አለበት። በደጋማ አካባቢዎች የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው፤ አፍንጫና ጉንጭ ላይ መውጣት ይወዳል። ሉፐስም፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ መገጣጠሚያ የሚያምሽ፣ ፀጉርሽ የሚረግፍ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ጭርትም ፊት ላይ ይወጣል። ሥጋ ደዌም ዛሬም አልጠፋም። እነዚህ ሁሉ ሕክምናቸው የተለያየ ስለሆነ ነው «ጎረቤቴን ያዳናት ቅባት» የማያዋጣው።

ሮዜሺያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ከተጠራጠረ ከቆዳው ፍቆ ወይም ትንሽ ናሙና ወስዶ ይመረምራል። ሜካፕ ሳትቀቢ ሂጂ። በባሰብሽ ቀን ፎቶ አንሺ፤ ቀጠሮው ቀን ፊትሽ ሰላም ሊሆን ይችላልና።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ስለሚታወቅ ብቻ የሚሸሹት ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተመሠረተ፣ ዛሬ ሁሉም ዓይነት የቆዳ ሕመም የሚታይበት፣ የቆዳ ሐኪሞችም የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው። እዚያ መታየት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ የሰጡኝን ቅባት ስቀባ በቀናት ውስጥ ጥርት ይልልኛል። ሳቆመው ብሶ ይመጣል። ምን ላድርግ?

ከሁሉም የበዛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቱቦውን ገልብጪና አንብቢ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን ወይም ሞሜታሶን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን ብግነት (መቆጣት) የሚያፍን መድኃኒት ማለት ነው። «ፊት ማጥሪያ» ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ በቅጡ ያልተጻፈባቸው ክሬሞችም ይሄንኑ ሊይዙ ይችላሉ። ስቴሮይድ በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለኤክዜማ እኔም አዛለሁ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ትንንሽ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ሮዜሺያ ያልነበረበትን ሰው ሮዜሺያ የመሰለ ሽፍታ ያወጣበታል፤ የነበረበትን ያብስበታል።

መጀመሪያ የሚያጠራው ብግነቱን ስለሚያፍነው ነው። ስታቆሚው የታፈነው ሁሉ ይወጣል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ፊትሽ ያብጣል፣ ይቃጠላል፣ መግል የያዘ ሽፍታ ያወጣል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ወደ ቱቦው ይመለሳል። ሻጩም «አየሽ፣ ያለሱ አይሆንልሽም» ይልሻል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መውጫው አለ፣ ግን ብቻሽን አትሞክሪው። ሐኪሙ አንዳንዱን በአንዴ ያስቆማል፣ አንዳንዱን ወደ ቀላል ስቴሮይድ አውርዶ ቀስ በቀስ ያስጥላል። ያንን ክፉ ጊዜ እንድትሻገሪ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ በአፍ ወይም ስቴሮይድ ያልሆነ እንደ ታክሮሊመስ ያለ ቅባት ሊያዝልሽ ይችላል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመሀል ፊትሽ ከበፊቱ ብሶ ቢታይ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ቱቦውን ራሱን ይዘሽ ነይ፤ «ነጭ ቅባት ነው» ብቻ ከተባልኩ ምን እንደሆነ ማወቅ አልችልም።

ጥያቄ፦ እናቴ «ምች ነው የመታሽ» ብለው ዳማከሴ ያሹኛል።

እናትሽን አታስቀይሚ፤ ፊትሽን ግን አታሳሺ። የሮዜሺያ ቆዳ መከላከያው የተጎዳ ነው። ዳማከሴም ሆነ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አልኮል ያቃጥለዋል። መፋተጉ ብቻውን ይበቃዋል። በስቲም መታጠንና ወይባ መሞቅም ለጊዜው ይቅርብሽ። ለስላሳ፣ ሽታ የሌለው ማጠቢያ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፤ በቃ።

ጥያቄ፦ ቡና ልተው? በርበሬስ?

ቡናውን አትተዪ፤ አቀዝቅዘሽ ጠጪ። ፊትን የሚያግለው በአብዛኛው የቡናው ትኩስነት ነው። እንዲያውም ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ካፌይን ያለው ቡና በብዛት በሚጠጡት ዘንድ ሮዜሺያ አነስ ብሎ አግኝቶታል። ይሄ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ከሰሉ ላይ ተደፍተሽ ማፍላቱን ግን ለሌላ ስጪ፤ አንቺ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።

በርበሬና ሚጥሚጣ ብዙ ሰው ላይ ያስነሳሉ፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ሁሉን ነገር በአንዴ ከልክሎ አልጫ ብቻ የሚያስበላ ምክር አልወድም። ለተወሰኑ ሳምንታት የበላሽውን፣ የጠጣሽውን፣ ፀሐይ ላይ የቆየሽውንና የተናደድሽበትን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ፊትሽ በተነሣ ቁጥር ወደኋላ ተመልከቺ። ሚጥሚጣው ካልነካሽ ብዪ።

ጥያቄ፦ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው ተባልኩ። ላጥፋው?

የጨጓራ ባክቴሪያንና ሮዜሺያን ያያያዙ ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙትም አሉ። ጨጓራህን የሚያምህ ከሆነ ለጨጓራህ ብለህ ታከም። ለፊት ብቻ ብሎ ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ መዋጥን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ ብሄድ ምን ያዝልኛል? ይድናል?

ጨርሶ የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ በደንብ የሚያስተኛ ግን አለ። ለሽፍታው ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ ጄል፣ አዜላይክ አሲድ 15 በመቶ ወይም አይቨርመክቲን 1 በመቶ ክሬም ይታዘዛል። አይቨርመክቲን ከብግነቱ በተጨማሪ ዴሞዴክስ የምትባለውን በዓይን የማትታይ ተባይ ይቀንሳል። ሁላችንም ፊት ላይ አለች፤ ሮዜሺያ ያለበት ሰው ላይ ግን ትበዛለች። (እባካችሁ ለከብት የሚሸጠውን አይቨርመክቲን ፊታችሁ ላይ አትሞክሩ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው።) ለእኛ ቆዳ አዜላይክ አሲድን እወደዋለሁ፤ ሽፍታው ትቶት የሚሄደውን ጥቁር ምልክትም ያደበዝዛል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጡት። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ለመቅላቱ ብቻ ደም ሥር የሚያጠብ ብሪሞኒዲን የሚባል ጄል አለ፤ ለሰዓታት ያሳርፋል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሲለቅ ከበፊቱ ያቀላል።

ጥያቄ፦ ዶክሲሳይክሊን ታዞልኛል። እየጾምኩ ልውሰደው?

በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ስትፈታ፣ ከምግብ ጋር ውሰደው። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጠው፤ ከዋጥክ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትጋደም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አታጋጥመው፤ ሰዓት አራርቅ። ፀሐይም በቀላሉ ያቃጥልሃል፣ ኮፍያ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ዓይኔም ይቆረቁረኛል። ይገናኛል?

ይገናኛል። እንዲያውም አንዳንዱ ላይ ከፊቱ ቀድሞ ዓይኑ ይጀምራል። አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ መድረቅ፣ የዓይን ቆብ ጠርዝ መቅላት፣ ቶሎ ቶሎ ዓይን ላይ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ የተጨፈነ ዓይንን ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ መያዝና ጠርዙን ማጽዳት ይረዳል። ሙቀት ራቁ ብዬ ሙቅ ጨርቅ ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ይሄ ግን ለቆቡ ብቻ ነው፣ የተደፈኑትን የቅባት ቱቦዎች ይከፍታል። ብርሃን ማየት ካቃታችሁ፣ ካመማችሁ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። የዓይን መስታወት የምንለው ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን ከቆሰለ እይታ ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ አፍንጫቸው እያበጠ ጎርበጥባጣ ሆኗል። ሰው «ጠጪ ናቸው» ይላቸዋል፤ አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

ለአባትህ አዝናለሁ፤ ስሙ ያለ ሥራው ነው የተለጠፈባቸው። መጠጥ ሮዜሺያ ያለበትን ሰው ፊት ሊያግል ይችላል፤ የአፍንጫ ማበጥን ግን ያልጠጣም ሰው ያገኘዋል። በወንዶች ላይ ይበዛል። ገና ከሆነ በመድኃኒት ይያዛል፤ ከጠነከረ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌዘር ይስተካከላል። መጀመሪያ ግን ቁንጭር ወይም የቆዳ ካንሰር አለመሆኑ ይረጋገጥ።

ጥያቄ፦ ሳንስክሪን ፊቴን አመድ ያስመስለዋል።

ማዕድን ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ለሮዜሺያ ቆዳ ይስማማል፤ ግን ይነጣል። ቀለም ያለውን ፈልጊ፤ ከጠይም ቆዳ ጋር የሚሄድ አለ። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙ ቁጥር 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ቀዝቃዛ ነው ብለሽ አዲስ አበባን አትመኚያት። ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክሬሙ ውድ ከሆነብሽ ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ነፃ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ውሎዬ ምድጃ ሥር ነው፤ ሐኪም ጋ መሄጃ ጊዜም የለኝም።

እህቴ፣ «ሙቀት ራቂ» ብዬ አልቀልድብሽም። ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብሽ አድርጊ፤ ስትግዪ በረዶ አፍሽ ውስጥ ያዢ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ። ድስቱን ስትከፍቺ ፊትሽን አዙሪ። በረኪናና አሲድ አታደባልቂ፤ ለሳንባሽም አደገኛ ነው። መውጣት ካልቻልሽ ፎቶ አይቶ በስልክ የሚመክር የቆዳ ሐኪም ፈልጊ፤ ፈቃድ ያለው መሆኑን ብቻ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፤ ሌዘር ሥሪ አሉኝ።

ሌዘር ለሰፉ ደም ሥሮች ጥሩ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግን አንዳንዱ ዓይነት ያቃጥላል፣ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ይተዋል። የሚሠራውን ሰው «እንደኔ ባለ ቆዳ ላይ ሠርተህ ታውቃለህ? በየትኛው መሣሪያ?» ብለሽ ጠይቂ። ኤንዲ ያግ የሚባለው ለእኛ ቆዳ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከር።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ።

ዶክሲሳይክሊን አይሆንም። ለከባድ ሮዜሺያ የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ደግሞ ጽንስ ስለሚጎዳ በፍጹም አይነካም፤ እሱን እየወሰድሽ ካረገዝሽ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ። አዜላይክ አሲድ በእርግዝና ጊዜ ይፈቀዳል፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። የሚያጠራ ክሬም ካለሽም አትደብቂ፤ ስትቀቢው የቆየሽውን ሁሉ ለቆዳ ሐኪሙም፣ ለእርግዝና ክትትል ሐኪምሽም አሳዪ።