ለምትሄዱትም ለምትቀሩትም

የውጭ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ዕድል የደረሳቸው ልጆች አልፎ አልፎ ከወላጆቻቸው ጋር ቤቴ ይመጣሉ። በመምህርነት ካሳለፍኩት ዕድሜ አንዱን ዓመት ኖርዌይ ውስጥ፣ ፍሌከ በምትባል የገጠር መንደር በሚገኘው የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅ ሒሳብ ሳስተምር ስለቆየሁ፣ «ምን ይዘን እንሂድ?» ይሉኛል። ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ፤ የአካባቢው ዝናብ አይጣል ነው። በርበሬና ሽሮም አይቅርባችሁ። የቀረውን ግን ቡና እየተጠጣ ተናግሬ ስለማልጨርሰው እነሆ ጻፍኩት።

ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ከብዙ አገሮች የመጡ ልጆች አብረው እየኖሩ የሚማሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የእነዚህን ኮሌጆች ሐሳብ ያፈለቁት ኩርት ሃን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ጀርመናዊ መምህር ነበሩ። ሂትለርን በግልጽ በመቃወማቸው እ.ኤ.አ. በ1933 ታስረው ከተፈቱ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደዱ። በ1955 ፓሪስ በነበረው የኔቶ (የምዕራባውያን አገሮች ወታደራዊ ኅብረት) መከላከያ ኮሌጅ ተጋብዘው ሲሄዱ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ሲዋጉ የነበሩ አገሮች መኮንኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ አዩ። ለመኮንኖች የሆነው ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች የማይሆንበት ምክንያት አልታያቸውም። የመጀመሪያው ኮሌጅ በ1962 ዌልስ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ባለ አሮጌ ግንብ ተከፈተ።

እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ ልጆቹ እዚያ ግንብ ውስጥ የተሰጣቸው ሥራ ነው። ከትምህርታቸው ጎን ለጎን ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ያድኑ ነበር። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር፣ ጡረታ የወጡት የባሕር ኃይል አድሚራል ዴዝሞንድ ሆር፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ሆዷ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኗ በአየር የተነፋ ጀልባ ሠሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የነፍስ አድን ሠራተኞች በዚህች ዓይነት ጀልባ ይጠቀማሉ። የፈጠራ መብቱንም ለብሪታንያ የነፍስ አድን ተቋም በአንድ ፓውንድ ሰጡ። በማዕበል መካከል ገመዱን የሚይዝልህ ልጅ አባቱ በየትኛው ጦር ሠራዊት እንደነበረ የምትጠይቅበት ፋታ አይኖርህም።

የፍሌከው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1995 በኖርዲክ አገሮችና በቀይ መስቀል ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ከሰማንያ በላይ ከሚሆኑ አገሮች የሚመጡ ልጆች ከፊዮርዱ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ ከገባው የባሕር ክንድ) ዳር በተሠሩ የእንጨት ቤቶች፣ በአንድ ክፍል አምስት አምስት ሆነው ይኖራሉ። አጠገቡ ሃውግላንድ የሚባል የተሐድሶ ሕክምና ማዕከል ስላለ ተማሪዎች እየሄዱ ሕሙማንን ያግዛሉ።

እኔ በነበርኩበት ዓመት አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ኤርትራዊ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ በማዕከሉ መዋኛ ገንዳ ተጣምረው ይሠሩ ነበር። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ግንቦት 1990 ዓ.ም. ተጀምሯል። የኤርትራዊው ልጅ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ተባርረው አሥመራ ገብተዋል፤ የኢትዮጵያዊው ታላቅ ወንድም ግንባር ነው። የካቲት 1991 ባድመ ላይ ውጊያው እንደገና ሲፋፋም ሁለቱ ሰላምታ አቋረጡ። በዚያው ሰሞን አዳራሽ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ውይይት ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱም ተነሥተው ተናገሩ፤ የተናገሩት ግን እያንዳንዳቸው የአገራቸው ራዲዮ ያለውን ነበር።

የገንዳው ቀን ግን አልቀረም። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት አረጋዊት ነበሩ። አንዱ ብብታቸውን፣ ሌላው ጉልበታቸውን ደግፎ እኩል ዝቅ ካላደረጓቸው ውኃው አፋቸው ውስጥ ይገባል። ዝም ተባብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ኤርትራዊው ልጅ በአዲስ አበባ አማርኛው «ቀስ፣ ትንሽ ጠብቀኝ» አለ። ሌላው «ይዣለሁ፣ አይዞህ» ብሎ መለሰለት። ሲመለሱ በእግር መንገዱ ላይ አንዱ እናቱ አውቶቡስ ላይ የተጫኑበትን ቀን፣ ሌላው ደብዳቤው የጠፋውን ወንድሙን አወሩ። ይህን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ባድመ የማን ናት በሚለው እስከ ምርቃታቸው ድረስ አልተስማሙም፤ ይስማሙ ብሎ ያስገደዳቸውም አልነበረም።

ስለዚህ የምትሄዱት ልጆቼ፣ የአገራችሁ አምባሳደር ነን ብላችሁ አትጨነቁ። የባህል ልብስ ለብሳችሁ ባንዲራ የምትይዙበት ቀን ደስ ይላል፤ ያልፋል። የአገልግሎት ምድብ ሲወጣ ግን ነቅታችሁ ምረጡ። የሰው አካል የሚነካ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይሆን፣ ቢቻል ልብሳችሁን የሚያቆሽሽ ሥራ ያዙ። አጣማሪያችሁም ስለ አገሩ ስታስቡ ሆዳችሁ የሚሻክርባችሁ ልጅ ይሁን።

ወደ እነዚህ ኮሌጆች የሚሄደው ከእልፍ አንድ ነው። ሐሳቤ የሚያድረው ከቀራችሁት ጋር ነው። በየክልሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመደቡ የምትገቡበት የዶርም ክፍል ከፍሌከው ክፍል በምንም አያንስም፤ ቋንቋውም፣ ሃይማኖቱም፣ ቂሙም በአንድ ጣራ ሥር አለ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዳንድ ግቢዎች በብሔር ግጭት ተማሪዎች ሲሞቱ፣ ልጆቻቸውን ሊያስወጡ የሮጡትን ወላጆች አልረሳቸውም። ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ሽማግሌም ተልኮ ነበር። የጎደለው ከዚያ በፊት አብሮ የተሠራ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ለአገልግሎት የመላክ ግዴታ ጀምሮ ነበር። ያ ነገር ተመልሶ ቢመጣ በወደድኩ። እስከዚያው ግን የግቢው ቀይ መስቀል ክበብ አለ፤ ለከተማው ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት አለ፤ በክረምቱ በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት መጠገን አለ። ከትውልድ አካባቢያችሁ ልጅ ጋር ሳይሆን ከሌላው ጋር ተመደቡ።

ይህንንም በመጀመሪያው ወር አድርጉት። ሁለቱ ልጆች የካቲት ላይ ገንዳው ዳር ተገናኝተው መነጋገር የቻሉት ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አብረው ሰው ሲያነሡና ሲያወርዱ ስለቆዩ ነው። ክፉ ወሬ ከመጣ በኋላ አጣማሪ መፈለግ እጅግ ከባድ ነው።