የቲክቶክ ማስታወቂያ ገቢና የአሜሪካ ታክስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በደብልዩ-2 (ታክስ ከደመወዝ እየተቆረጠ) ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ ጎን ለጎን በቲክቶክ የሐበሻ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን አስተዋውቃለሁ። በ2025 በዜል 9,000 ዶላር ተከፍሎኛል። አንድ ሱቅ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ 600 ዶላር የሚያወጣ የሐበሻ ቀሚስ ሰጥቶኛል። 1099 የላከልኝ የለም። ታክስ አለብኝ?

መልስ፦ አለብዎት። 1099 ከፋዩ የከፈለውን ለአይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚያሳውቅበት ወረቀት ነው፤ መጣም ቀረም ገቢው ገቢ ነው። በ2026 ለሚፈጸም ክፍያ ወረቀቱን የሚያስልከው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ዶላር ስላደገ፣ «ወረቀት አልመጣልኝም» የሚለው ሰው ገና ይበዛል። ቀሚሱም ሠርተው ያገኙት እንጂ ስጦታ አይደለም፤ በገበያ ዋጋው ይመዘገባል። ስለዚህ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ የሚሰፍረው ገቢ 9,600 ነው።

ከዚህ ላይ ወጪ ይቀነሳል፦ ለቀረጻ የገዙት መብራትና ማይክ፣ የኤዲቲንግ አፕ ክፍያ፣ ከስልክ ቢልዎ ለሥራው የዋለው ድርሻ ብቻ። ቀሚሱን በወጪ ማስገባት የሚያምራቸው አሉ፤ ሰርግም ላይ ሊለበስ የሚችል ልብስ ግን ቪዲዮ ላይ ስለተለበሰ ወጪ አይሆንም።

ወጪዎ 1,600 ቢሆን ትርፍዎ 8,000 ዶላር ነው። ትርፍ 400 ዶላር ከሞላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያ ይመጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የ8,000 92.35 በመቶ 7,388 ነው፤ የዚህ 15.3 በመቶ ደግሞ 1,130 ዶላር ግድም። በደመወዝዎ ላይ ግማሹን አሠሪዎ ይሸፍናል፤ እዚህ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እርስዎ ነዎት። ግማሹ፣ ማለትም 565 ዶላር፣ የገቢ ታክስ ከሚሰላበት መጠን ይቀነስልዎታል። የፌዴራል፣ የሜሪላንድና የካውንቲ ገቢ ታክስ ለብቻው ይታከላል። ሪፈንድ ሲጠብቁ ዕዳ የሚወጣባቸው በዚህ የተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ በየሩብ ዓመቱ መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ ከደመወዝዎ ከተቆረጠው ሌላ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የታክስ ዕዳ የሚቀርብዎት ከሆነ፣ አዎ። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15ና ጃንዋሪ 15 ናቸው። የተቆረጠው ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስዎን ከሸፈነ ቅጣት የለም፤ ያለፈው ዓመት ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር የበለጠ ግን 110 በመቶውን መሸፈን አለባቸው።

ተቀጣሪ ለሆነ ሰው የሚቀለው ሌላ ነው፦ ደብልዩ-4 (ለአሠሪዎ የሚሰጡት የታክስ ቅጽ) ላይ መስመር 4(ሲ) ሞልተው ከየደመወዝዎ ተጨማሪ እንዲቆረጥ ማድረግ። ከደመወዝ የተቆረጠ ዓመቱን ሙሉ በእኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ጁን ያመለጠው ሰው በኖቬምበር አስጨምሮ ሊያካክስ ይችላል። በዳይሬክት ፔይ (የአይአርኤስ የኦንላይን መክፈያ) የሚላክ ግን የሚቆጠረው ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው።