ለኦክቶበርፌስት ሆቴል የት እንያዝ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦክቶበርፌስት የተባለው የቢራ በዓል በሚከበርባት በጀርመኗ ሙኒክ ስለምኖር ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። «ለኦክቶበርፌስት ልመጣ ነው፤ ሆቴል የት ልያዝ?» የማይለኝ የለም። በነሐሴ የተረፈው ክፍል ግን ወይ እጅግ ውድ ነው፣ ወይ እጅግ ሩቅ። ቀደም ብዬ ጥያቄ ላኩልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የ2026ቱ በዓል ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኦክቶበር 4 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 9 እስከ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ከታች የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ የአውሮፓ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ሆቴሉ የግድ ከበዓሉ ሜዳ አጠገብ መሆን አለበት ወይ? ዋጋውን ሳየው ደነገጥኩ።

የለበትም ወንድሜ። ሰው ካርታ ከፍቶ ሆቴሉ ከሜዳው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ያያል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን ሌሊት በምን ትመለሳለህ ብዬ ነው። መሄዱ አያስቸግርም፤ ሰዉ የሚመጣው ከጠዋት እስከ ማታ ተበታትኖ ነው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ቢራ የሚጠጣባቸው ትላልቅ ድንኳኖች 14 ናቸው፤ ቢራ መቅዳት የሚያቆሙት 22:30 ላይ ሲሆን አብዛኞቹ 23:30 ላይ ይዘጋሉ። ያኔ ሺህ በሺህ ሰው አንድ ላይ ይወጣል። እዚያው ሜዳው አፍ ላይ ያለው ቴሬዚየንቪዘ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እስከ ደረጃው ጫፍ በሰው ይሞላል። መጨናነቁ ሲብስ መግቢያውን ለጊዜው ዘግተው በድምፅ ማጉያ «ወደ ሌላ ጣቢያ ሂዱ» ይላሉ። ቢራው የሚቀዳው በአንድ ሊትር ብርጭቆ ነው፤ አልኮሉም 6 በመቶ ገደማ ነው። እሱን ጠጥተህ፣ በዚያ ሰዓት ሁለቴ ባቡር መቀየር ካለብህ የሆቴሉ ርካሽነት ምንም አይጠቅምህም።

ስለዚህ ወይ በእግር የሚገባበት፣ ወይ ባቡር ሳይቀየር በአንድ መስመር የሚደረስበት ይሁን። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ባቡር ከሚያስቀይር ሆቴል፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ባቡር የሚያስገባው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሰፈሮቹን በስም ንገረን።

በሜዳው ጣቢያ የሚያልፉት የምድር ውስጥ ባቡሮች ኡ4 እና ኡ5 ናቸው። ኡ4 በምሥራቅ አራቤላፓርክ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ትልልቅ ሆቴሎች አሉ። ኡ5 ደግሞ በምሥራቁ ባቡር ጣቢያ በኦስትባንሆፍ አልፎ ኖይፔርላኽ ይደርሳል፤ በምዕራብ በኩል ላይመር ፕላትስ ላይ ያበቃል። እኔ ለዘመድ የምመርጠው ኦስትባንሆፍ ዙሪያ ያለውን ሃይድሃውዘን የሚባለውን ሰፈር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ኤስ8 የተባለው ባቡር በቀጥታ እዚያ ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ በዓሉ በኡ5 ያለ ቅያሬ ትሄዳላችሁ። ሰፈሩም ምግብ ቤት የሞላበትና ሌሊት ጸጥ የሚል ነው።

ሌላው ብልሃት ኡ3 እና ኡ6 ናቸው። እነዚህ በሜዳው ጣቢያ አያልፉም፤ ጎተፕላትስ እና ፖቺሽትራሰ ከሚባሉት ጣቢያዎች ግን አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ሰዉ ሁሉ ቴሬዚየንቪዘ ላይ ሲጋፋ እናንተ ትንሽ ተራምዳችሁ ከእነዚህ ትሳፈራላችሁ። ስለዚህ ሽቫቢንግ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከእነዚህ መስመሮች አጠገብ ያለ ሆቴል ጥሩ ነው።

በእግር መግባት ለሚፈልግ ከባቫሪያ ሐውልት ጀርባ፣ ከፍ ብሎ ያለው ሽቫንታለርሆኸ የሚባል ሰፈር አለ። ከሜዳው አብዛኛው ሰው ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሲጎርፍ እናንተ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ትወጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ብይዝስ? ሁሉም ነገር እዚያ ነው ይላሉ።

ሁሉም ነገር እዚያ ነው፤ ጫጫታውም ጭምር። ከጣቢያው በስተደቡብ ባሉት መንገዶች፣ ባየርሽትራሰና ሽቫንታለርሽትራሰ ላይ፣ ሆቴሎች ተደርድረዋል፤ ወደ ሜዳው ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። ሌሊት ግን የሚመለሰው ሰው ሁሉ በመስኮታችሁ ሥር ነው የሚያልፈው። እየዘፈነ፣ ጠርሙስ እየሰበረ፣ እየተጠራራ፤ በመሃሉ አምቡላንስ ይጮሃል። ብዙዎቹ አሮጌ ሕንፃዎች የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። መስኮቱን ብትዘጉት ክፍሉ ይሞቃል፣ ብትከፍቱት እንቅልፍ የለም። እዚያ የምትይዙ ከሆነ ሆቴሉን በኢሜይል «ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ስጡን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ስትደርሱ መጠየቅ አይሠራም፤ ሁሉም ተይዟል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምመጣው፤ ቪዛ ገና አልያዝኩም። ሆቴሉን አሁን ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

አይጠብቁ፣ ግን አይክፈሉም። በነጻ የሚሰረዝና ክፍያው ሲደርሱ የሚፈጸም ክፍል ይያዙ። ለሸንገን ቪዛ የሚያርፉበት ቦታ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በስምዎ የተያዘና የሚቆዩባቸውን ሌሊቶች በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቀበላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የማመልከቻ ማያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ይህንን አስልተው ማስገባት አለብዎት፤ የቀጠሮ ወረፋም ይኖራል።

እዚህ ጋ ሰው የማያነበው ነገር አለ። «በነጻ ይሰረዛል» የሚለው ቃል አጠገብ ቀን ተጽፏል። በሌላ ወቅት ከመምጣትዎ አንድ ቀን በፊት እንኳ የሚያሰርዝ ሆቴል በኦክቶበርፌስት ሰሞን ሳምንታት ቀደም ብሎ ሊቆርጠው ይችላል፤ ጭራሽ የማይመልስም አለ። የመሰረዣው ቀን የቪዛው መልስ ይመጣል ብለው ከሚጠብቁት ቀን በኋላ ካልሆነ ያንን ክፍል ይለፉት፤ በዋጋ ቢበልጥም ሌላውን ይያዙ። ቪዛ ተከልክሎ የአራት ሌሊት ክፍያ መክፈል በጣም ያማል።

ጥያቄ፦ ርካሽ የሚሆነው የትኞቹ ቀናት ናቸው?

ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ጠዋት ያሉት። በበዓሉ ሰሞን የክፍል ዋጋ ከሌላው ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የሚወደዱት ግን ሦስቱ ቅዳሜና እሑዶች ናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ 12:00 ላይ የከተማው ከንቲባ ሾተንሃመል በሚባለው ድንኳን የመጀመሪያውን በርሜል ይከፍታል፤ ያንን ለማየት ሕዝቡ ገና ከጠዋቱ ተሰልፏል። መካከለኛው ቅዳሜና እሑድ፣ በ2026 የእኛ ደመራና መስቀል የሚውሉበት፣ ጣሊያኖች በብዛት የሚመጡበት ነው። በ2025 መካከለኛው ቅዳሜ ላይ ሜዳው ከመጠን በላይ ሞልቶ መግቢያዎቹ ለጊዜው ተዘግተው ነበር። የመጨረሻው ደግሞ ኦክቶበር 3 የጀርመን ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ይደራረባል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ብትሄዱ ግን ያለ ሪዘርቬሽን ወንበር ታገኛላችሁ፤ ሙዚቃው ያው፣ ቢራው ያው፣ አስተናጋጇም ታናግራችኋለች። የዕረፍት ፈቃዳችሁን ማስተካከል ከቻላችሁ ከየትኛውም የሆቴል ቅናሽ በላይ የሚያተርፋችሁ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ አውግስቡርግ ላይ ብይዝ ሞኝነት ነው?

ሞኝነት አይደለም፤ ግን ለማን እንደሆነ ልንገርህ። ከሙኒክ ወደዚያች ከተማ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት፣ በተራው ባቡር ከአርባ አምስት ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀን ጠጥቶ ማታ 20:00 ላይ ለሚመለስ በጣም ጥሩ ነው። ድንኳኑ እስኪዘጋ የሚቆይ ሰው ግን ከመያዙ በፊት የዚያን ሌሊት የባቡር ሰዓት ማየት አለበት፤ ቅዳሜና እሑድ የሐዲድ ጥገናም ያጋጥማል። ቡድን ከሆናችሁ የባየርን ቲኬት የሚባለው የክልሉ የቀን ቲኬት እስከ አምስት ሰው በአንድ ላይ ያስኬዳል፤ በሥራ ቀን ከ9:00 ጀምሮ፣ እስከ ማግስቱ 3:00 ድረስ ይሠራል፤ በፈጣኑ ባቡር ግን አይሠራም።

ከዚያ ቀረብ የምትለው ዳኻው የምትባል ከተማ ናት። ኤስ2 ባቡር ሃከርብሩከ ጣቢያ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ሕዝቡን ተከትሎ አሥር ደቂቃ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምመጣ ሴት ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

እህቴ፣ ለአንቺ ከዋጋው ይልቅ ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ በር ያለውን መንገድ እይ። በካርታው ላይ የመንገዱን ፎቶ ከፍተሽ ተመልከች፤ መብራት አለው? ሱቅና ሰው ያለበት ነው ወይስ በመጋዘንና በፓርክ መሃል የሚያልፍ? ሌሊቱን ሙሉ እንግዳ ተቀባይ ያለው ሆቴል ምረጪ፤ በኮድ ብቻ የሚከፈት፣ ማታ ሰው የማይገኝበት ቤት ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ሜዳው ላይ ከሾተንሃመል ድንኳን ጀርባ ባለው የአገልግሎት ማዕከል ለሴቶች የተዘጋጀ የእርዳታ ቦታ አለ። ስልክሽ ቢጠፋ፣ ጓደኞችሽ ቢጠፉብሽ፣ ሰው ቢያስቸግርሽ፣ ወይም ወደ ሆቴልሽ እንዴት እንደምትመለሺ ግራ ቢገባሽ ይረዱሻል፤ በነጻ ነው። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በወረቀት ጽፈሽ ኪስሽ ውስጥ አድርጊ፤ የስልክ ባትሪ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ነን።

ለእናንተ ያው ምክር አይሠራም፤ አቅማችሁ ከፈቀደ በእግር የሚደረስ ሆቴል ላይ ገንዘባችሁን አውጡ። ልጅ እኩለ ቀን ላይ ይደክመዋል፤ ወስዶ አስተኝቶ መመለስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። የሕፃን ጋሪ ቅዳሜ ቀንና ኦክቶበር 3 ጨርሶ አይገባም፤ በሌሎቹ ቀናት የሚፈቀደው እስከ 18:00 ብቻ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከ20:00 በኋላ ድንኳን ውስጥ መሆን አይችሉም። ማክሰኞ የቤተሰብ ቀን ስለሆነ መጫወቻዎቹ እስከ 19:00 ድረስ በቅናሽ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ አፓርታማ ብንከራይ ወይስ ድንኳን ይዘን ካምፒንግ?

አፓርታማው ያዋጣል፤ የሚያጭበረብርም ግን በዚህ ሰሞን ይበዛል። ሙኒክ ውስጥ አንድ ሰው መኖሪያ ቤቱን ያለ ፈቃድ ለእንግዳ ማከራየት የሚችለው በዓመት እስከ 8 ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ፣ መሃል ከተማ ያለ፣ ዋጋው የወረደ ቤት ካያችሁ ጠርጥሩ። «ከድረ ገጹ ውጭ ብትልኩልኝ እቀንስላችኋለሁ» ያላችሁን ሰው ወዲያው ተዉት።

ካምፒንግ ታልኪርሽን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በኢዛር ወንዝ አጠገብ አለ። ኡ3 በአንድ መስመር ያገናኛችኋል። የሴፕቴምበር መጨረሻ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ዝናብም አለ። ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከሌላችሁ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ቁርስ ያለው ልያዝ?

አዎ። ባዶ ሆድ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ቁርሱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ግን ጠይቅ፤ 9:30 ላይ የሚያነሱ ሆቴሎች አሉ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ከሜዳው ወደ አውሮፕላን ብሄድስ?

አይቻልም፤ ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ቦርሳ ወደ ሜዳው አይገባም። ትንሽዬ የወገብ ቦርሳ ካልሆነ ጥበቃዎቹ ይመልሱሃል። የዋናው ጣቢያ የሻንጣ ሳጥኖች በዚያ ሰሞን ቶሎ ይሞላሉ። ስለዚህ ሆቴሉ ክፍል ከለቀቅህ በኋላ ሻንጣ እንደሚያስቀምጥልህ ከመያዝህ በፊት አረጋግጥ። ፓስፖርትህንም ስትገባ ይጠይቁሃል፤ ጀርመን ውስጥ ከ2025 ጀምሮ የሆቴል መመዝገቢያ ቅጽ የሚሞላው የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ሆቴል ከድንኳን ጠረጴዛ ጋር» የሚል ጥቅል አይቻለሁ። ይሻላል?

ተጠንቀቅ። መግቢያው ራሱ በነጻ ነው። ጠረጴዛ የሚያስይዘው ድንኳኑን የሚያስተዳድረው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለአሥር ሰው ሙሉ ጠረጴዛ ሆኖ፣ የምግብና የቢራ ኩፖን ቀድሞ በመግዛት። በሦስተኛ ወገን የተሸጠን ቦታ ድንኳኖቹ ላይቀበሉት ይችላሉ፤ ያኔ ገንዘብህን ከፍለህ በር ላይ ትቀራለህ። ሆቴሉን ለብቻ ያዝ፤ ጠረጴዛውን ከፈለግህ ራሱ ድንኳኑ ድረ ገጽ ላይ ጠይቅ፤ ካልተገኘ በሥራ ቀን ከቀትር በፊት ሂድ።

ሌላ ጥያቄ ያላችሁ የምትመጡበትን ቀንና የሰዎቹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉልኝ።