ሐዋሳ ላይ ለማኅበራችን ዝግጅት ለሆቴሎች የስፖንሰር ደብዳቤ በትነን መልስ አጣን ላልሽው

«የአቅማችሁን ተባበሩን» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ለእያንዳንዱ ለይተሽ ጻፊ።

ሐይቅ ዳር ያለውን ሆቴል ብር ሳይሆን አዳራሽና ሻይ ቡና ጠይቂው። በሥራ ቀን ባዶ የሚውል አዳራሽ መስጠት ብዙም አይከብደውም። በምላሹ አርማው የት እንደሚለጠፍ ቁርጡን ንገሪው። ብሩን ከባንኮች ሞክሪ፤ ቅርንጫፉ ጉዳዩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚልከው ግን ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ሰኔ ላይ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ባትሄጂ ይሻላል። የምዝገባ ሰርተፍኬታችሁን ኮፒ አያይዢ። ከዚያ ደውይ፤ ካልደወልሽ ማንም አያስታውስሽም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ገንዘቡ በሰብሳቢዋም ቢሆን በግል ቴሌብር እንዳይገባ። እዚሁ ከተማ በዚህ ምክንያት በሐሜት የፈረሰ ኮሚቴ አይቻለሁ፤ የጠፋ ብር እንኳ አልነበረም። በማኅበሩ ሒሳብ አስገቡ፣ ደረሰኝ ቁረጡ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ ስለሌለበት፣ የትራንስፖርቱንም የስልኩንም ወጪ ከአሁኑ መዝግቢ።