ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ

ልጆቼ፣ እኔ በጥብቅና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አዲስ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ፣ እንዴት ቶሎ ተሰሚነት እንደሚገኝ ነው። ያን ጊዜ የማነሳላቸው አንድ አሜሪካዊ አለ፤ ኧርኒ ቼምበርስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የኦማሃ ከተማ ልጅ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በ1970 ተመርጦ የነብራስካ ግዛት ምክር ቤት ገባ። በድምሩ 46 ዓመት አገለገለ። መሃል ላይ የወጣው መራጩ ጠልቶት አይደለም፤ በ2000 የጸደቀው የሥልጣን ዘመን ገደብ ነው ያስወጣው። ገደቡ ግን አራት ዓመት ያረፈ ሰው መመለስ ይችላል ይላል። እሱም አራት ዓመት አርፎ በ2012 ተወዳድሮ ተመለሰ።

ምክር ቤቱ 49 አባላት አሉት። ቼምበርስ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው ጥቁር አባል ነበር። ሱፍና ክራባት የለም፤ በቲሸርትና በጂንስ ከች ይል ነበር። ከኋላው የቆመ ፓርቲም አልነበረውም። ታዲያ ምኑ ነው የተፈራው?

የስብሰባ ደንቡን ጥርሱን ነቅሎበታል። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው አንዱን ዓመት 90 ቀን፣ ቀጣዩን 60 ቀን ብቻ ነው። የ60ው ቀን አለቀ ማለት እስከዚያ ያልታየው ረቂቅ ቀረ ማለት ነው። እሱ ጊዜው እንዲያልቅ ማሻሻያ ያቀርብ ነበር፤ ይወድቃል። ሌላ ያቀርብ ነበር። ደግሞ ድምፁ እንደገና ይሰጥ ይል ነበር። ሁሉም ደንቡ የፈቀደው ነው። ክርክሩን አስገድዶ ለመዝጋት 33 ድምፅ ያስፈልጋል፤ እሱም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ረቂቅ ያላቸው አባላት ቀድመው ሊያግባቡት ይሞክሩ ነበር። አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚለመነው።

ሁሌ ቀናው እንዳትሉ። የሞት ቅጣት እንዲቀር በ1979 ምክር ቤቱን አሳምኖ ነበር፤ አገረ ገዢው አልፈርምም አለ። ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ ይዞ መጣ። በ2015 አለፈ፤ የዚያን ጊዜው አገረ ገዢም ውድቅ አደረገው፤ ምክር ቤቱ ግን የአገረ ገዢውን እምቢታ በ30 ለ19 ሽሮ ሕጉን አጸናው። የሚያስፈልገው ልክ 30 ነበር! በዓመቱ ሕዝቡ በድምፁ ቅጣቱን መለሰው። በአንጻሩ በ1980 ነብራስካ የጡረታ ገንዘቧን ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ለማውጣት የወሰነች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ስትሆን፣ ነገሩን የገፋው እሱ ነው።

አንደበቱን ግን አትውረሱ። ስድቡ ብዙ ሰው አስቀይሟል። በ2007 ደግሞ የፍርድ ቤት በር ለሁሉም ክፍት መሆኑን ላሳይ ብሎ እግዚአብሔርን ከሷል። ለእኛ ለሃበሾች ይሄ ይከብዳል። ዳኛው ተከሳሹ መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ የለውም ብለው ዘጉት።

እናንተም መሥሪያ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የመተዳደሪያ ደንቡን ጠይቁ። ካልሰጧችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። ያለፉትን ቃለ ጉባኤዎችም አብራችሁ አንብቡ፤ ደንቡ የት የት እንደሚጣስ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።