ለሞዴል ባቡር የቆቃን ውሃ ስለመሥራት

ወንድሜ፣ የሞዴል ባቡርህ ግድብ ውሃ ለምን ሰማያዊ ብርጭቆ እንደሚመስል ጠይቀሃል። ችግሩ ከኢፖክሲው (ውሃ እንዲመስል ፈስሶ ከሚጠነክረው ግልጽ ሙጫ) ሥር የቀባኸው ቀለም ነው። ሰማያዊውን ተወው። ከአዳማ ወጣ ብለህ የቆቃን ግድብ እየው፤ አዋሽ ደለል ስለሚያመጣ ውሃው ቡናማ ነው። መሃሉን ጠቆር አድርገህ ቅባ፣ ወደ ዳር ስትመጣ ቀስ በቀስ አፈርማ ይሁን።

ኢፖክሲውን ከማፍሰስህ በፊት ስንጥቁን ሁሉ ድፈን፤ በመርፌ ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ ያልቃል። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አፍስስ፣ ሲጠነክር ድገም። በአንድ ጊዜ ካወፈርከው ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። እስኪደርቅ አቧራ እንዳይገባበት ሸፍነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ዳሩን ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ራቁቱን የሚቀር፣ ግድቡን እንደ ቀበቶ የሚዞር መሬት አለ። እሱን ከዘለልከው ኩሬ ነው የሚመስልብህ። እምቦጭም ጣል ጣል አድርግበት፤ አረንጓዴ ቀለም የነከርከው የስፖንጅ ፍርፋሪ ይበቃል።