«ከአባትሽ ጎን ቅበሪኝ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። አባቴ ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። የተቀበረው በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ያኔ ለቦታው ገንዘብ ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለናል። እናቴ አሁን 74 ዓመቷ ነው፤ ጤናዋም እንደ ድሮው አይደለም። ዘወትር «ከአባትሽ ጎን ቅበሪኝ» ትለኛለች። ባለፈው ወር ለሙት ዓመቱ ብንሄድ ከጎኑ ሌላ ሰው ተቀብሮ አገኘን። ታላቅ ወንድሜ «ቦታውን ገዝተነዋል፣ እንከሳለን» ብሎ ተነሥቷል። ታናሹ ደግሞ «ተዉት፣ ዘጌ ወስደን ቃል ኪዳን ካለበት ገዳም እናሳርፋታለን» ይላል። እኔ ነገሩን ከወዲሁ ላስተካክል ብዬ የዕድር እናቶችን ባማክር «እናትሽ በሕይወት እያለች መቃብር ትፈልጊያለሽ? ሞት አትጥሪ» ብለው ተቆጡኝ። ለመሆኑ ቦታው የኛ ነው ወይስ አይደለም? አስቀድሞ ማዘጋጀትስ ነውር ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከዕድር እናቶች ቁጣ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

አያቴ መገነዣዋን ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ነጭ አቡጀዲ ነው። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እኛ ልጆች በሥሩ ስንሯሯጥ «ቀስ በሉ፣ የመንገድ ልብሴን እንዳታቆሽሹብኝ» ትለናለች። አቡጀዲውን ሁለት ጊዜ ብል በልቶት ሁለት ጊዜ ተቀየረ። አያቴ ግን ምንም አልሆነችም። መገነዣ ማዘጋጀት ሞትን የሚጠራ ቢሆን ኖሮ እኔ አያቴን ባላወቅኋት ነበር።

በቅዱስ መጽሐፍም ነውር ሆኖ አናገኘውም። የአርማትያሱ ዮሴፍ መቃብሩን ከዓለት ያስወቀረው ለራሱ ነው፤ በቁሙ፣ በጤናው። ማቴዎስ በምዕራፍ 27 «አዲስ መቃብር» ይለዋል። ያ ሰው «ሞት አልጥራ» ብሎ ትቶት ቢሆን፣ ዓርብ በሠርክ ሰንበት ሊገባ ሲል የጌታን ሥጋ ይዞ የት ይሄድ ነበር? የዕድር እናቶች የተቆጡት ለእናትሽ አስበው ነው። ይሉኝታም አለበት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይህን ንገሪያቸው፣ ይሰሙሻል።

አሁን ወደ ከባዱ። ቦታው የናንተ ነው ወይ?

ወንድምሽ ሳያውቀው የአብርሃምን መንገድ ይዟል። ሣራ ስታርፍ አብርሃም በኬጢ ሰዎች አገር እንግዳ ነበር። ኤፍሮን «እርሻውንም ዋሻውንም እንካ፣ ሙትህን ቅበር» ቢለው እምቢ አለ። በከተማው በር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ዘፍጥረት 23ን አንብቡት፤ ውል ሲጽፉ የምታዩት ያህል ነው። እርሻው፣ ዋሻው፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሳይቀር ተቆጥሯል። ለመቃብር ቦታ መክፈልና ማስረጃ መያዝ እንግዲህ ኃጢአት አይደለም።

ግን አብርሃም የገዛው ከአንድ ባለ እርሻ ነው። እናንተ የከፈላችሁት ለቤተ ክርስቲያን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሚለው ይህንን ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ የምእመናን ሁሉ ይዞታ ነው እንጂ አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ እየሸነሸነ የሚሸጠው አይደለም። ታዲያ የከፈላችሁት ምንድን ነው? የመቃብር አገልግሎት ነው። ቦታ ተሰጥቷችኋል፣ ተቆፍሯል፣ ግቢው ይጠበቃል። አባትሽ ያረፉበት ቦታ የአባትሽ ነው፤ ማንም ነክቶ ሊያፈርሰው አይገባም። ከጎኑ ያለው ባዶ መሬት ግን በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ የናንተ ነው ለማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ደረሰኙን አውጥተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። «ለአንድ ሰው መቃብር» ይላል ወይስ «ለቤተሰብ»? ስፋቱ ተጽፏል? በማን ስም ነው? ብዙ ሰው ደረሰኝ ይቀበላል እንጂ አያነብም፤ ሐዘን ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም። «ለቤተሰብ» የሚል ከሆነ የወንድምሽ ቅሬታ መሠረት አለው። ያኔም ቢሆን ወደ ፍርድ ቤት አይሮጥም። መጀመሪያ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤትና አስተዳዳሪው፣ እዚያ ካልተፈታ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ሀገረ ስብከቱ። ቅዱስ ጳውሎስ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት ማቆሙን ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 6 ምን ያህል እንደነቀፈ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንድምሽ ንገሪልኝ። ከአባታችሁ ጎን የተቀበረው ሰው የማንም ጠላት አይደለም። እሱንም ያለቀሰ ቤተሰብ አምጥቶ የቀበረው ነው። ይነሣልን የሚል ጥያቄ ከአፋችሁ እንዳይወጣ። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የመዝገብ ነው።

እንደኔ ግን እናትሽ የሚሉትን ለመፈጸም ክስም አዲስ ቦታም አያስፈልግም። «ከአባትሽ ጎን» ሲሉ ግድግዳ ለግድግዳ ማለታቸው ነው? በአብርሃም ዋሻ ውስጥ ሣራና አብርሃም፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ ልያና ያዕቆብ በአንድ ላይ ነው ያረፉት። በእኛም አድባራት የቆየ ልማድ አለ። ዓመታት ሲያልፉ መቃብሩ በጸሎት ይከፈታል፣ አጽሙ በክብር ይሰበሰባል፣ የቤተሰቡ ሰው እዚያው ያርፋል። ግቢ ጠበበ በሚባልበት ከተማ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። የሚፈቅደው አጥቢያው ነው፤ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበትም የየደብሩ ሥርዓት ይለያያል። አስተዳዳሪውን ጠይቂ። ሲፈቅዱልሽ «እሺ» የሚል የቃል መልስ ይዘሽ አትመለሺ። በመዝገብ ይስፈር፣ ማኅተም ይረፍበት። አስተዳዳሪ ይቀየራል፤ መዝገብ ይኖራል።

ዘጌን በተመለከተ ታናሽ ወንድምሽን አልወቅሰውም። በጣና ዳር ያደገ ሰው ልቡ ወደ ገዳማቱ ቢያዘነብል አይገርምም። ግን ሦስት ነገር ያስብበት። የመጀመሪያው፣ ገዳም የመነኮሳት ቤት ነው። የመቃብር ቦታውም በቅድሚያ የማኅበሩ ነው። አበምኔቱ ሳይፈቅዱ አስከሬን ጭኖ መሄድ ገዳሙን ማስጨነቅ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው። በጀልባ እንሂድ ብትሉ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል እንዳለው የባሕር ዳር ሰው አይጠፋውም፤ አስከሬንና ለቀስተኛ ጭኖ በዚያ ሰዓት መነሣት ልብ ይጠይቃል። በየብስም ጊዜ የሚበላ ነገር ነው፣ ዕድርተኛው ሁሉ አይከተላችሁም። ሦስተኛው ይበልጣል። ለሠልስቱ፣ ለአርባው፣ ለሰማንያው፣ ለሙት ዓመቱ ማን ይሄዳል? አሁን እናንተ ለአባታችሁ ሙት ዓመት በእግራችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ደሴት ቢሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴት አያስገቡም። አንቺ የእናትሽን መቃብር ከጀልባ ላይ ሆነሽ ልትሳለሚ ነው?

ዳጋን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያ የነገሥታት አጽም አለ። ከነሱ አንዱ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ያን ያህል የገነኑ ንጉሥ፣ መጀመሪያ የተቀበሩት ራሳቸው በተከሉት በደብረ ነጎድጓድ ነበር። ኋላ አጽማቸው ፈልሶ ሐይቅ ተሻግሮ ዳጋ ገባ። የዘላለም ቦታ ያለው ንጉሥም የለም። ቃል ኪዳን ደግሞ በዘጌ ብቻ አይደለም፤ የአጥቢያሽ ታቦትም ቃል ኪዳን አለው። አባ ጳውሊ በበረሃ ብቻውን ሲያርፍ መቃብሩን የቆፈሩለት ሁለት አንበሶች እንደሆኑ በስንክሳር ሲነበብ ሰምተሻል። ቅዱስ እንጦንስ ደግሞ የራሱን መቃብር ሰው እንዳያውቀው ደቀ መዛሙርቱን አደራ ብሏል። ቦታው ጻድቅ አላደረጋቸውም።

አሁን አብዛኛው ሰው ወደሚዘነጋው እንምጣ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ሰውየው ሌሊት ያርፋል። ቀብሩ በማግሥቱ 9 ሰዓት ነው። ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ድንኳን ተተክሏል። አስከሬኑ መኝታ ቤት ተኝቶ ልጅየው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሰበካ ጉባኤ ደብተር ይፈልጋል። ኮት ኪስ ያያል፣ ፍራሽ ያነሣል፣ የመብራት ደረሰኝ ብቻ ያገኛል። በመጨረሻ ደብተሩ ሲገኝ የሦስትና የአራት ዓመት መዋጮ አልተከፈለም። ጽሕፈት ቤት ሄዶ በዕንባ ዓይን ሒሳብ ይተሳሰባል። ከዚያ «ቤተ ክርስቲያን አስከሬን ያዘችብን» የሚል ወሬ ይወጣል።

ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ፣ ከተደራጀ ከ1965 ዓ.ም ወዲህ ምእመን በአጥቢያው ተመዝግቦ አባል መሆን አለበት። መዋጮው የመቃብር ዋጋ አይደለም፤ የአባልነት ግዴታ ነው። ግን በቀብር ቀን የሚጠየቀው እሱ ነው። የእናትሽን ደብተር ዛሬ እዪው። የማን አጥቢያ ነው? ከቀድሞ ሰፈራችሁ ስትዛወሩ መዝገቡም ተዛውሯል? የንስሐ አባታቸውስ ማን ናቸው፣ ስልካቸው አለሽ? የንስሐ አባት ባልታወቀበት ቀብር ካህናቱ የሚቸገሩት ችግር ሌላ ነው። አቅም የሌለው ሰው ካለ ደግሞ ቀድሞ ለአጥቢያው ይንገር። ድኃ ገንዘብ ስለሌለው ፍትሐት አይቀርበትም፤ መጠየቅም አያሳፍርም። በገንዘብ ኃይል «ከመቅደሱ ጠጋ ያለውን ስጡኝ» የሚለው ነው ሊያፍር የሚገባው። ሲሞን መሠርይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ ምን እንዳለው በሐዋርያት ሥራ 8 አለ።

የዕድሩንም ደብተር አብረሽ አያይዢው።

ሌላው ኑዛዜ ነው። ለንስሐ አባት የሚነገረው ኑዛዜ አለ፣ ስለ ንብረትና ስለ ቀብር የሚነገረው ኑዛዜም አለ። በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው ሰው ይደበላለቅበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። በቃል ሊነገሩ ከሚችሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ የቀብር ሥርዓቱ ነው። በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ ከሆነ ደግሞ በመደበኛው በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። እናትሽ በጤና እያሉ፣ ሁለቱም ወንድሞችሽ ባሉበት «እዚህ ቅበሩኝ» ቢሉና ቢጻፍ ክርክሩ ያልቃል። ኑዛዜው ልጆችን ያስማማል እንጂ ደብሩን አያስገድድም፤ ለዚህ ነው የአጥቢያው ፈቃድ ቀድሞ ይጻፍ ያልኩሽ።

ስለ ሐውልት አልጠየቅሽኝም፤ ግን ታላቅ ወንድምሽ ይህን ያህል ከጋለ እምነ በረድ ማማረጡ አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ። በነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 22 አንድ የቤተ መንግሥት አዛዥ በከፍታ ላይ ለራሱ መቃብር ሲያስወቅር እግዚአብሔር «በዚህ ምን አለህ?» ብሎ ገሥጾታል። ጥፋቱ መዘጋጀቱ አልነበረም፣ ትዕቢቱ ነው። ሰውየው በቁሙ ከኖረበት ቤት የሚያምር መቃብር በየግቢው እያየን ነው። ሲሚንቶው የሁለት ሰው ቦታ ይዟል፣ የሚያልፍበት ሰው በጎን እየተሹለከለከ ነው። ትንሽ መስቀል፣ ስመ ክርስትና፣ የዕረፍት ቀን። ራሳቸው ወደ ምዕራብ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ካህናቱ ያውቁበታል። የተረፈውን ገንዘብ ለነዳያን ስጡት፤ ሐይቁ አጠገብ ባለው አፈር ከባድ ድንጋይ እያደር መዝመሙም አይቀርም።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረሰኙንና ደብተሮቹን ይዘሽ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂጂ። ጉልበታቸው ከፈቀደ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ወደ አባትሽ መቃብር ይምሩሽና የትኛውን ጎን ማለታቸው እንደሆነ ራሳቸው በእጃቸው ያሳዩሽ።